እሳት ፊት የሚቆም ታይል

ባለሙያው ታይሉን መኪናው ላይ ትቶ ባዶ እጁን ገባ። ሳሎኑን አቋርጦ እሳት ማንደጃው ፊት ተንበረከከ፤ የእጅ ባትሪውን አበራና አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ፣ ወደ ጭስ ማውጫው አየ። ሲወጣ ግንባሩን ጥላሸት ነክቶታል። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ጡቦቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ማንኳኳት ያዘ። አብዛኞቹ ደረቅና ጠንካራ ድምፅ ሰጡ። በቀኝ በኩል፣ ከማንደጃው አፍ አጠገብ ያሉት ጥቂቶች ግን ከኋላቸው ክፍተት እንዳለ በሚያሳብቅ ድምፅ አስተጋቡ። እነዚያን በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው።

«እትዬ፣ እሳት ያነዱበታል ወይስ ለጌጥ ነው?» አላቸው የቤቱን ባለቤት።

«ለገና እናነዳለን፤ ልጆቹ ሲሰበሰቡ። ምነው ልጄ፣ ለውጥ አለው እንዴ?»

«ሥራውን በሙሉ ይለውጠዋል።»

ቤቱ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ይህ ከዋሽንግተን ከተማ ጥግ ያለ ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ጋር፣ አሜሪካ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተሠሩ የጡብ ቤቶች ሞልተውበታል። ብዙዎቹ ሳሎናቸው ውስጥ ወይም ምድር ቤታቸው ውስጥ ትልቅ የጡብ እሳት ማንደጃ አላቸው። ቤቱን ለገዛው ወገናችን ያ ጡብ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል። ከርሞ ግን ክፍሉን የሚያጨልምበት፣ አቧራ የሚይዝ፣ ከአዲሱ ሶፋና መጋረጃ ጋር የማይስማማ ሆኖ ይታየዋል። አንዳንዱ ነጭ ቀለም ይቀባዋል። ሌላው ደግሞ እንደ እኚህ እናት ታይል ያስለብሰዋል።

ጡብን በታይል ማልበስ ከሩቅ ሲያዩት የጌጥ ሥራ ነው፤ የቀለምና የቅርጽ ምርጫ። ባለሙያዎቹን ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ከድካማቸው አብዛኛው የሚያልቀው የመጀመሪያው ታይል ከመለጠፉ በፊት ነው። በዚህ ጽሑፍም አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለዚያ ለማይታየው ክፍል ነው። ታይሉ ረግፎ የወደቀበት፣ ወይም ከዚያ የከፋው እሳት ግድግዳ ውስጥ የገባበት ቤት ብዙ ጊዜ የተበላሸው እዚያ ጋ ነውና።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። ታይል አንዴ ጡብ ላይ ከተጣበቀ መመለሻ የለውም። በኋላ ላንሳው የሚል ሰው የጡቡን ፊት ይዞ ይነሳበታል። ስለዚህ ጡቡ ጤነኛ ከሆነ፣ አደራደሩም ካማረ፣ ችግሩ ጥላሸት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ይታጠብ። የብዙ ዓመት ጭስ በጠንካራ ማጽጃና በብሩሽ ሲለቅ ከሥሩ የሚወጣው ቀለም ባለቤቶቹን ሐሳባቸውን ያስቀየረበት ጊዜ አለ። በእጅ የተሠራ አሮጌ ጡብ ያለው ቤት ሲሸፈን ደግሞ እኔ በበኩሌ አዝናለሁ። ጡቡ ከተሰነጣጠቀ፣ ከተቀባባ፣ ወይም ከመጀመሪያውኑ ርካሽ ሆኖ የተሠራ ከሆነ ግን ታይል ጥሩ መፍትሔ ነው።

ባለሙያው ስለ እሳት የጠየቀበት ምክንያት ቀላል ነው። እሳት የሚነድበት ከሆነ ከታይሉ በፊት ጭስ ማውጫው መታየት አለበት። አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበሩ ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 211 የተባለው ደንብ እያንዳንዱ ጭስ ማውጫ በዓመት አንዴ እንዲመረመር ይላል። ምርመራውንም በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። ሁለተኛው ደረጃ ቤት ሲሸጥ የሚደረገው ነው፤ ካሜራ ወደ ጭስ መተላለፊያው ገብቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያሳያል። ቤት ስንገዛ ጣሪያውንና ቧንቧውን እናስመረምራለን፣ ይህን ግን ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ሻጩም አያስታውሰንም።

እኚህ እናትም ዘለውት ነበር። መርማሪ ተጠርቶ ሲያይ ከጣሪያው በላይ ያለው የጭስ ማውጫ ቆብ የለም። ዝናብና በረዶ ለዓመታት በቀጥታ ሲወርድበት ኖሯል። ያ ውሃ ጡቦቹን ያያያዘውን ሞርታር አሟሙቶት ነበር፤ በመዶሻ እጀታ የተሰማው ባዶ ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። ከውስጥ ደግሞ ክሪዮሶት ተጋግሮበታል። ክሪዮሶት እንጨት በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ የሚቀር ጥቁር ቅሪት ነው፤ ሲወፍር እሳት ይይዝና ጭስ ማውጫውን ከውስጥ ያቃጥላል። በዚያ ሁኔታ ላይ ታይል ቢለጠፍ ኖሮ ሥራው ለዓይን ባማረ ነበር። ታይሉ ግን የሚለጠፈው ከኋላው እየፈረሰ ባለ ግድግዳ ላይ ይሆን ነበር።

ጥገናው እስኪያልቅ ሥራው ቆመ። ታይሉም በካርቶኑ ጋራዥ ውስጥ ሰነበተ።

እስከዚያ ወደ ታሪኩ መለስ ልበል፤ ሸክላና እሳት የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድስ ውስጥ የዴልፍት ሰማያዊና ነጭ ታይሎች በየቤቱ ምድጃ ዙሪያ ይለጠፉ ነበር። ጥላሸት ሲይዛቸው በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳሉ፤ ሙቀት አይጎዳቸውም። በኋላ እንግሊዞች ተከተሉ። በ1756 ሊቨርፑል ውስጥ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የተባሉ ሁለት ሰዎች ሥዕልን ከወረቀት ወደ ታይል የማተም ዘዴያቸውን በመሐላ ሲያስመሰክሩ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ ታይል አትመናል አሉ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ በእጅ ነበር የሚሳለው። ታይል ከሀብታም ቤት ወጥቶ መካከለኛ ኑሮ ወዳለው ሰው ምድጃ መድረስ የጀመረው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ዶይልስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ይህን ጉዳይ የሚወድ ሰው አንድ ቀን ሰጥቶ ቢያያት አይቆጭም። ሄንሪ ቻፕማን መርሰር የተባለ የአርኪኦሎጂ ሰው እዚያ በ1898 የሞራቪያን ታይል ሥራ ቤትን አቋቋመ። ዘመኑ ፋብሪካ ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት እያደረገ የነበረበት ነው፤ መርሰር ግን ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ፣ የእጅ ምልክት የሚታይበት ታይል ይሠራ ነበር። ለቅርጾቹ መነሻ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች የብረት ምድጃ ላይ የሚቀርጹት የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕል ነው። ፎንትሂል የተባለውን የራሱን ቤት ከ1908 እስከ 1912 በኮንክሪት ሠራ፤ 44 ክፍሎችና 18 እሳት ማንደጃዎች አሉት፣ ብዙዎቹም ታይል ለብሰዋል። የሥራ ቤቱ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ታይል እያመረተ ይሸጣል። በአገሪቱ ማዶ፣ ካሊፎርኒያ ፓሳዴና ውስጥ ደግሞ ኧርነስት ባችልደር በጓሮው ባቆመው እቶን በ1910 ገደማ የጀመረው ታይል በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ምድጃ አልብሷል። ዛሬ ቤት ሲሸጥ የባችልደር ምድጃ አለው ተብሎ በማስታወቂያ ይጻፋል።

እነዚያ ቀደምት ሠራተኞች ታይላቸውን የሚተክሉት በወፍራም የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ላይ ነበር። ታይሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይጠግባል፣ ቡኮው ይደላደላል፣ ሥራው ከባድና ቀርፋፋ ነው። ይህን የለወጠው ኬሚካል መሐንዲሱ ሄንሪ ሮዝበርግ ነው። በ1956 ላቲክሬት የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት ሲሚንቶን ከላቴክስ ጋር ያዋሐደ፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ታይል የሚይዝ ሞርታር ይዞ መጣ። ዛሬ ባለሙያዎቹ ቲንሴት የሚሉት ይህን ወገን ነው። በከረጢት ደረቅ ሆኖ ይሸጣል፤ በውሃ ተቦክቶ ይለጠፋል።

ሱቁ ውስጥ ከቲንሴቱ አጠገብ ግን ሌላ ነገር ይደረደራል። በባልዲ የተዘጋጀ፣ መቦካት የማይፈልግ ነጭ ማጣበቂያ፤ ማስቲክ ይሉታል። ለመጠቀም እጅግ ይቀላል፣ ስለዚህም ቤታቸውን በራሳቸው የሚያድሱ ሰዎች ያነሱታል። ለወጥ ቤት ግድግዳ ይሆናል። ለእሳት ማንደጃ ግን አይሆንም፤ መሠረቱ ሲሚንቶ ስላልሆነ ሙቀት ያላላዋል። በአንዳንድ ቤት ክረምት ገብቶ እሳት በተነደደ ሰሞን ከአፉ በላይ ያሉት ታይሎች በራሳቸው የሚወርዱት በዚህ ነው። ጀርባው ሙጫ ያለው፣ ተልጦ የሚለጠፈው የላስቲክ «ታይል» ደግሞ እሳት አጠገብ ጨርሶ መድረስ የለበትም፤ ይቀልጣል፣ ይነዳል።

ጭስ ማውጫው ተጠግኖ፣ የላሉት ጡቦች ተነቅለው በአዲስ ሞርታር ከተተከሉ በኋላ ባለሙያው ተመለሰ። አሁን ሳሎኑ በላስቲክ ተከፋፍሏል፣ ሶፋው ወጥቷል፣ የማሞቂያው አየር መውጫ ተሸፍኗል። ጡቡ ጥላሸትና ቅባት ጠጥቷል፤ ከአፉ በላይ ያለው ደግሞ ከዓመታት በፊት በነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር።

ቀለሙን በጥፍሩ ጫረው። «ቲንሴት የሚይዘው የነካውን ነው» አለኝ። «ቀለም ከነካ ቀለሙን ይይዛል። ቀለሙ ጡቡን ካልያዘስ?»

መልሱ ግልጽ ነው። ጡብ በደቃቅ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ሲሚንቶ ውስጡ ገብቶ ሥር ይሰዳል። ቀለም፣ ጥላሸትና ቅባት እነዚያን ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ስለዚህ ጥላሸቱ በማጽጃ ይታጠባል፤ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ትራይሶዲየም ፎስፌት የሚባለውን ጠንካራ ማጽጃ በጓንት ይጠቀማሉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ እስኪደርቅም ይጠበቃል። ቀለሙ ደግሞ መፋቅ ወይም መሞረድ አለበት። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጡቡ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ሲደረግ ከጠጣው ዝግጁ ነው፣ ውሃው ድንቡል ሆኖ ከተንከባለለ ገና ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ወገኖቻችን በዚህ ሙያ ላይ በብዛት የተሰማሩ ናቸውና። ጡብ ሲሞረድና ታይል በማሽን ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ሲሊካ አለበት። በዓይን የማይታየው ክፍሉ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ሲሊኮሲስ የሚባለውን መድኃኒት የሌለው የሳንባ በሽታ ያመጣል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለስምንት ሰዓት ሥራ የፈቀደው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ውሃና ያለ መምጠጫ ማሽን ቢሞረድ ወዲያው ይታለፋል። አፍን በነጠላ ወይም በቲሸርት መሸፈን ምንም አያደርግም። በልክ የተገጠመ የመተንፈሻ ጭምብል፣ መሞረጃው ላይ የሚገጠም አቧራ መምጠጫ፣ ታይል ለመቁረጥ ደግሞ ውሃ የሚረጭ መቁረጫ ያስፈልጋል። የወንድሞቻችን ሳንባ ከማንም ሳሎን ይበልጣል።

ቀለሙ ራሱም ሌላ ጉዳይ አለው። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም የታገደው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ቀለም ሳይመረመር መሞረድ የለበትም፤ የእርሳስ አቧራ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በእነዚህ ቤቶች ለክፍያ ቀለም የሚነካ ተቋራጭ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የልጅ ልጆች የሚመላለሱበት ቤት ውስጥ ይህን ጠይቆ ማረጋገጥ ነውር የለበትም።

በዚህ ቤት ምርመራው እርሳስ አላሳየም። ቢሆንም ባለሙያው ቀለሙን ከመሞረድ ሌላ መንገድ መረጠ፤ የሲሚንቶ ቦርድ። ይህ የሲሚንቶና የመስታወት ክር ሰሌዳ ነው፤ አይነድም፣ ውሃ አያበሰብሰውም። ጡቡ በትራፓኖ ተበስቶ በግንብ ብሎን ይታሰራል። ታይሉም የሚለጠፈው ቀለም በሌለው በዚህ አዲስ ፊት ላይ ይሆናል። ቀለም ላልነካው የታችኛው ክፍል ግን ቦርድ አልተጠቀመም። ጡቡን በውሃ አርጥቦ ቲንሴት በቀጭኑ ለሰነበት፤ በጡቦቹ መካከል ያሉት ጎድጎድ ያሉ መጋጠሚያዎች እስኪሞሉ ድረስ።

የልስኑ ጥቅም ፊቱን ማስተካከል ነው። ግንበኛው ታይል ይለጠፍበታል ብሎ አልሠራውም፤ አንዱ ጡብ ወጣ፣ ሌላው ገባ ያለ ነው። የአሜሪካ የታይል ሥራ መለኪያ ጎኑ 38 ሳንቲ ሜትር ለደረሰ ወይም ላለፈ ታይል በ3 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ መዛነፍ አይፈቅድም፤ ለትናንሾቹ 6 ሚሊ ሜትር ይላል። ዛሬ ፋሽን የሆነው ሰፊው ታይል ነውና ሥራው ከብዷል። የሰፊ ታይል አንዱ ጥግ ከጎረቤቱ ወጣ ካለ ማታ መብራት ሲበራ ጥላው ያጋልጠዋል። ባለሙያው ረጅም ውሃ ልኩን በአግድም፣ በቁምና በሰያፍ እያስደገፈ፣ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ቦታ እየፈለገ ሲሞላ ዋለ።

እትዬ ሻይ ይዘው መጡና ግድግዳውን አዩት። «ሲሚንቶ ብቻ ሆነ እኮ፤ ታይሉስ?»

«ነገ ይጀመራል። ዛሬ የሚሠራው የነገው ነው» አላቸው።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። እትዬ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ የሚመስል፣ ወፍራምና የሚያምር የእንጨት መደርደሪያ ገዝተው አስቀምጠዋል። ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የቤተሰቡን ፎቶ ሊደረድሩበት፣ ቁመታቸውም እንዲደርስበት ከማንደጃው አፍ በላይ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲሰቀል ፈለጉ። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ።

አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት የሚከተለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ በጡብ ለተሠራ ማንደጃ እንዲህ ይላል። ከአፉ ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር (6 ኢንች) ባልሞላ ርቀት ውስጥ ምንም ዓይነት የሚነድ ነገር አይኖርም። ከዚያ አልፎ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር (12 ኢንች) ባለው ውስጥ ደግሞ የሚነደው ነገር ወደ ፊት መውጣት የሚችለው ከአፉ የራቀበትን ርቀት አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ይሰላ፤ 25 ሳንቲ ሜትር ለስምንት ሲካፈል 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእትዬ መደርደሪያ 20 ይወጣል። ስለዚህ ያለው አማራጭ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማድረግ ወይም በድንጋይ መተካት ነው።

«እኔ እንግዲህ ቁመቴን የት አመጣለሁ?» አሉ እትዬ። መደርደሪያው ግን ከፍ አለ፤ ፎቶውንም ልጃቸው ሰቀለላቸው።

የወለሉም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከማንደጃው ፊት ያለው የማይነድ ወለል፣ የአፉ ስፋት ከ6 ስኩዌር ጫማ በታች ከሆነ ወደ ፊት ቢያንስ 40፣ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አፉ ከዚያ ከሰፋ 50 እና 30 ይሆናል። ታይሉ ይህን ወለል የሚሸፍን ከሆነ ፍም ዘሎ የሚያርፍበት፣ ግንድ የሚወድቅበት ቦታ ነውና ወፈር ያለ ታይል ይመረጥ። ዝርዝሩ ከካውንቲ ካውንቲ ሊለያይ ስለሚችል ሥራ ሳይጀመር መጠየቅ ይገባል።

አንድ ዓይነት ማንደጃ ግን በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ቤቶች ያለው ፊቱ ጡብ ይምሰል እንጂ ውስጡ ከፋብሪካ የመጣ የብረት ሳጥን ነው። ማወቂያው ውስጡን ማየት ነው፤ የብረት ግድግዳ ወይም ከአፉ በላይና በታች የተሰነጠቀ የአየር መግቢያ ካለ ያ ነው። እነዚያ ስንጥቆች ሳጥኑን የሚያቀዘቅዙ ናቸው። ቆንጆ ይሆናል ተብሎ በታይል ሲደፈኑ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ከኋላ ባለው የእንጨት ግድግዳ ላይ ይከማቻል። እዚያ ላይ የሚሠራው የሳጥኑ አምራች የጻፈው መመሪያ ብቻ ነው። ቤት ሲታደስ ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ጥፋቱ ለዓመታት ድምፅ የለውም።

ታይሉን መለጠፍ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈጣን ነው። እትዬ የመረጡት ፖርሰሊን ነበር፤ በ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የተተኮሰ፣ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ እንኳ የማይጠጣ። የሳሎን እሳት ለእሱ ምንም አይደለም። የመስታወት ታይል ቢሆን ኖሮ ድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችል ነበር። ባለሙያው የግድግዳውን መሐል በቱንቢ ለይቶ መስመር ጣለ፤ ታይሎቹን ወለል ላይ ደርድሮ ዳርና ዳር የሚቀረው ቁራጭ እኩል እንዲሆን አስተካከለ። ከአፉ በላይ ያለው ረድፍ ወደ ታች እንዳይንሸራተት በውሃ ልክ የተስተካከለ ጣውላ ደገፈበት። ቲንሴቱን ጥርስ ባለው መለጠፊያ በአንድ አቅጣጫ ጎተተ፤ የታይሉንም ጀርባ ቀባው። ጥቂት ከሄደ በኋላ አንዱን ነቅሎ ጀርባውን አየ። ደረቅ ቦታ ላይ ከጀርባው ቢያንስ 80 በመቶው መያያዝ አለበት፤ እሱ የፈለገው ግን ሙሉውን ነው። ባዶ የቀረበት ቦታ ሙቀት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነውና።

ሁለት ቦታዎች ላይ ጥንቃቄውን ጨመረ። ከአፉ በላይ ጡቡን የተሸከመው ብረት አለ። ብረት ሲሞቅ ከሸክላ ጡብ በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ታይል በቀጥታ ብረቱ ላይ ከተጣበቀ ይገፋዋል። ስለዚህ ታይሉ ብረቱን አልነካም፤ ጠርዙም በታይሎች መካከል በሚሞላው ደረቅ ፉጋ ፈንታ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ተዘጋ። ሁለተኛው የማንደጃው ውስጥ ነው። እትዬ «ውስጡንም ጥቁር ታይል አድርግልኝ» ብለው ነበር። አይሆንም። እሳቱ የሚነካው ግድግዳ እሳት ቻይ በሆነ ልዩ ጡብና ልዩ ሞርታር ነው የሚሠራው። ተራው ቲንሴት እዚያ ይፈረፈራል፣ ታይሉም ፈንድቶ ስባሪው ወደ ሳሎን ሊረጭ ይችላል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ታይል፣ ቦርድና ሞርታር ተደምረው የማንደጃውን ፊት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያወጡታል። የነበረው የመስታወት በር በቀድሞ ብሎኑ አይገጥምም። ከሥራው በፊት መለካት ነበረበት፤ በዚህ ቤት ተለክቶ ነበርና በሩ በረዘመ ብሎን ተመልሶ ገጠመ።

በማግስቱ ፉጋው ተሞላ፣ በስፖንጅ ተወለወለ፤ ሳሎኑም ተጸዳ። እትዬ በዚያው ምሽት እሳት ለማንደድ እንጨት አስገብተው ነበር።

«እትዬ፣ ምጣድ አዲስ ገዝተው በዚያው ቀን እንጀራ ይጋግሩበታል?»

ሳቁና እንጨቱን መለሱ። ምጣድ መጀመሪያ በቀስታ ይሟሻል፤ ይህም እንዲሁ ነው። በሲሚንቶው ውስጥ ገና ውሃ አለ። ድንገት ሲሞቅ ውሃው እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል፤ ማጣበቂያውን ያላላል፣ ፉጋውን ይሰነጥቃል። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚይዘው በ28 ቀን ገደማ ነው። የየከረጢቱ አምራች የሚለውን ማንበብ ይሻላል፤ አንዳንዱ ከዚያ ያሳጥረዋል። ከዚያም የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፣ ሁለተኛው ትንሽ ይጨመርበት፣ ትልቁ በኋላ ይምጣ።

አዲስ አበባም ውስጥ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በተሠሩ ቪላዎች እንዲህ ያለ የጡብና የድንጋይ ማንደጃ አለ። የሐምሌ ብርድ የገባው ሰው ለምን እንደተሠራ ይገባዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ተደፍነዋል ወይም የአበባ ማስቀመጫ ሆነዋል። ዳግም ሊያነድበት ወይም ሊያስውበው ለሚያስብ የአገር ቤት አንባቢም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። መጀመሪያ ጭሱ የሚወጣበት መንገድ ይታይ፤ የወፍ ጎጆና የፈረሰ ጡብ የዘጋው ጭስ ማውጫ አዲስ ታይል ከፊቱ ስለተለጠፈ አይከፈትም።

ይህን የምለው በከሰል ጭስ ምን እንደሚደርስ የምናውቅ ሕዝቦች ስለሆንን ነው። በተዘጋ ቤት ከከሰል ጋር ያደሩ ሰዎች ሳይነሱ የቀሩበትን ታሪክ ያልሰማ የለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከታመመ ጭስ ማውጫም እንዲሁ ወደ ቤት ይመለሳል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ የታይሉን ቀለም ለመምረጥ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ጭስ ማውጫዎን ያስመርምሩ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም በየፎቁና ከየመኝታ ክፍሉ ውጭ ይስቀሉ፤ ባትሪውንም አሁኑኑ ይፈትሹ።